አርባ ዓመት የተዘለለች ስንኝ

ጎተንበርግ ውስጥ የተጋባ ሰው ሁሉ ያቺን ግጥም ያውቃታል። ሠርግ አለ ከተባለ እሷም አለች። ወይ የሙሽራዋ ጓደኛ እየተንቀጠቀጠች ታነባታለች፣ ወይ ቄሷ ስብከቷ መሀል ጣል ታደርጋታለች፣ ወይ ደግሞ የሙሽራው አጎት ሁለት ብርጭቆ ከገለበጠ በኋላ ተነስቶ በቃሉ ይወጣታል። መጥሪያ ካርድ ላይ ታትማለች። ፎጣ ላይ ተጠልፋለች። አንድ ሰሞን እንኳ የወይን ጠርሙስ ላይ ለጥፈዋት ነበር፤ ያንን ያደረገውን ሰውዬ እግዜር ይይለት።

እንዲህ ትላለች፦

ሦስት ዓመት ጠበቅሁህ።
ዛሬ በሩን ከፈቱልኝ፣
እንኳን ደህና መጣህ አልሁህ።
በወይን አጠብሁህ፣ ፀሐይ ላይ አደረቅሁህ፣
አቅፌህ ወጣሁ፤
እንዴት ቀለለኝ!

ከግሪክኛ የመለሰቻት ጉንቮር ናት። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሴት። አርባ ዓመት ሙሉ የግሪኮችን ግጥም ወደ ስዊድንኛ ስትመልስ ኖራለች። ወጥ ቤቷ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች እያንዳንዱን ስንኝ ጮክ ብላ ካላነበበች አትጽፍም። የላይኛው ፎቅ ጎረቤቷ ከእነዚህ ዓመታት በኋላ ግሪክኛ መሳደብ ችሏል። አሥራ አንድ መጻሕፍት አውጥታለች። አሥሩን ያነበበው ሰው ሁሉ አንድ አውቶቡስ ላይ ቢጫን ቦታ ይተርፋል። ያቺን አንዷን ግጥም ግን ዓሣ ልትገዛ ስትወጣ እንኳ አታመልጣትም።

“አንቺ ነሽ አይደል? እኛ እኮ በአንቺ ግጥም ነው የተጋባነው!”

“የእኔ አይደለም። የስቴርዮስ ጋልዳስ ነው” ትላለች።

ማን ሰምቷት! እሷም ብትሆን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ደስ ይላት ነበር። ማንስ ቢሆን ደስ አይለውም?

ወጣት ተርጓሚዎች ሊማሩ ሲመጡ ግን ፊቷን ታጠቁረዋለች። “ያልገባችሁን ስንኝ ዘላችሁ ካለፋችሁ ሌቦች ናችሁ። ሌላ ስም የለውም” ትላቸዋለች። ይህን ስትል ዓይኗን እንኳ አታርገበግብም። አይ ጉንቮር! ያቺን ግጥም ስትመልስ ራሷ አንድ ስንኝ ዘልላ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር፤ ያን ዓመት ልቧን ለአንድ ሰው ሰጥታ፣ የምታየው ነገር ሁሉ ፍቅር ፍቅር ይሸታት ነበር። ግጥሟ ርዕስ የላትም፣ ሰባት የሚል ቁጥር ብቻ ነው ያላት። “ዛሬ ከፈቱልኝ” ይላል፤ ምን እንደከፈቱ አይናገርም። ጉንቮር “በሩን” ብላ ጨመረችበት። “እንዴት ቀለልህ” ይላል፤ ወንድ ልጅ በፍቅር እንዴት እንደሚቀል አልገባትም፤ “እንዴት ቀለለኝ” ብላ ወደ ሴቲቱ አዞረችው። “በሽርጤ” የሚለውን ቃልም ለፍቅር አይሆንም ብላ ጣለችው። መሀል ላይ ደግሞ አንዲት አስቸጋሪ ስንኝ ነበረች፤ “ቆጠሩልኝ፤ ምንም አልጎደለህም” የምትል። ሳምንት ሙሉ ወጥ ቤቷ ውስጥ ጮኸቻት፤ ምንም ትርጉም አልሰጥ አለቻት። ዘለለቻት።

ስቴርዮስ ስዊድንኛ አያነብም። መጽሐፉ በወጣ ሰሞን ግሪክ አገር ያኒና ከተማ ሐይቁ ዳር ተቀምጠው፣ “ቆጠሩልኝ የምትለዋን እንዴት አደረግሻት?” ብሎ ጠይቋት ነበር። ከግጥሞቹ ሁሉ ስለዚያች ስንኝ ብቻ ነው የጠየቃት።

“ጥሩ አድርጌ” አለችው። ዓይኗን በጨው አጥባ።

ስቴርዮስ ከሞተ ሦስት ዓመት ሞላው። ባለፈው ሚያዝያ እህቱ ሌሞንያ ደወለች። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ስልክ ስታወራ ተራራ ማዶ ያለ ሰው እንደምትጠራ ሁሉ ትጮኻለች።

“ጉንቮር! አርብ እናወጣዋለን። ነይ!”

“ማንን ነው የምታወጡት?”

“ስቴርዮስን ነዋ! ማንን ላወጣ ነው? ሦስት ዓመቱ ሞላ። ዘመድ አይደለሽም እንዴ አንቺ?”

ጉንቮር ልማዱን በመጽሐፍ ታውቀዋለች። እዚያ አገር ሙታን ከሦስት ዓመት በኋላ ከመሬት ይወጣሉ፣ አጥንታቸው ታጥቦ በትንሽ ሣጥን ይቀመጣል። አንብባዋለች፣ አንብባም አልፋዋለች። እኛ ስዊድኖች የሞተ ሰው በእጃችን አንነካም። የሚነካ ሰው እንቀጥራለን፣ ቅጽ ላይ እንፈርማለን፣ ሳንድዊች በልተን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። እናም ጉንቮር ወንበር ይዛ ከሩቅ ተቀምጣ የምታየው አንድ ዓይነት ሥነ ሥርዓት መስሏት ሄደች።

አርብ ጠዋት ከያኒና በላይ ባለው መንደር፣ መቃብሩ ላይ ሰባት ሴቶችና አንድ ቆፋሪ ተሰብስበው ነበር። ሌሞንያ ጥቁር ለብሳ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ነጭ ጨርቅ ሣሩ ላይ አንጥፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ቀይ ወይን የተሞላ ሳፋ አለ። ቆፋሪው እስከ ጭኑ ከገባ በኋላ አካፋውን ወርውሮ በእጁ መጫር ጀመረ። መጀመሪያ የራስ ቅሉ ወጣ። ሌሞንያ በሁለት እጇ ተቀበለችው፣ አፈሩን በሻሿ ጠረገችለት፣ ግንባሩን ሳመችው።

“እንኳን ደህና መጣህ፣ ወንድሜ!” አለችው።

ሴቶቹ ተራ በተራ ተቀበሉት። “እንኳን ደህና መጣህ፣ ስቴርዮስ!” “እንኳን ደህና መጣህ፣ የእኛ አንበሳ!” አንዷ ደግሞ፣ “ያን የመሰለ ፀጉር የት ጣልከው?” አለችውና ሴቶቹ እንባቸው እየወረደ ሳቁ።

ጉንቮር በልቧ ደገመች። ሦስት ዓመት። ከፈቱልኝ። እንኳን ደህና መጣህ። ሳፋ ሙሉ ወይን። አንድ ነገር ወደ እሷ እየመጣ ነበር፤ ልትሸሸው ፈለገች።

“ምን ይገትርሻል?” አለቻት ሌሞንያ። “ኮትሽን አውልቂና ነይ እጠቢ! አርባ ዓመት እንጀራሽ ሆኖ ኖሯል፣ አሁን ትጠየፊዋለሽ?”

ጉንቮር ተንበረከከች። የጎን አጥንቶቹን አንድ በአንድ ወይን ውስጥ እየነከረች አጠበች። እንደ ደረቀ እንጨት ቀላል ነበሩ። ሌሎቹ እየተቀበሉ ነጩ ጨርቅ ላይ ፀሐይ እንዲመታቸው ያሰጧቸዋል። ሌሞንያ ትቆጥራለች። እግሮቹን ቆጠረች፣ ግራ እጁን ቆጠረች፣ ቀኝ እጁ ላይ ስትደርስ ቆመች።

“አውራ ጣቱ ጎድሏል” አለች።

“ትንሽ አጥንት ናት እኮ፣ አክስቴ፣ መሬት በልቷት ይሆናል” አለ ቆፋሪው።

“የጻፈበት እጅ ነው! ስትገኝ ነው ሣጥኑ የሚዘጋው። ወንፊት አምጡ!”

ሁለት ሰዓት ሙሉ አፈር ነፉ። ጉንቮርም በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ጥፍሯ ስር ጭቃ ገብቶ፣ የአንድን ሰው አውራ ጣት አፈር ውስጥ ስትፈልግ ዋለች። በመጨረሻ ቆፋሪው ከወንፊቱ ውስጥ ጠጠር የምታህል ነገር አንስቶ ዘረጋላቸው። ሌሞንያ ተቀበለችው፣ አጠበችው፣ ቦታው ላይ አኖረችው። ከዚያም አጥንቱን ሁሉ በጨርቁ ጠቅልላ ታቀፈችው፣ ተነሳች፣ ጥቂት ወዘወዘችው።

“ቆጠርንህ። ምንም አልጎደለህም” አለች። “ወይኔ ወንድሜ፣ እንዴት ቀለልህ!”

ጉንቮር አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። ቁጭ ከማለት ሌላ ምን ታደርጋለች?

ከሰዓት በኋላ ሌሞንያ ቤት ባቄላና አይብ እየበሉ ጉንቮር የዘለለቻትን ስንኝ ተናዘዘች። ሌሞንያ የግጥሟን ነገር ከእናቷ አንደበት ታውቀዋለች። የቤቱ ታላቅ ወንድም ናሲስ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ዛፍ ሲቆርጥ ግንድ ወድቆበት ሞቶ፣ እናታቸው በሦስተኛው ዓመት አውጥታዋለች። ስቴርዮስ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ያለችውን ሰምቶ፣ ሲያድግ አንድ ቃል ሳይጨምር ጻፈው።

“እና እናንተ አገር ለምንድነው የምታነቡት?” አለች ሌሞንያ።

“ለሠርግ” አለች ጉንቮር።

“ለምን?”

“ለሠርግ፣ ሌሞንያ። ሙሽሮች ያነቡታል። ፎጣ ላይ ይጠልፉታል።”

የሌሞንያ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ እያስነጠሳት ሳቀች። “የእናቴን ለቅሶ! ኬክ እየቆረጡ! ናሲስዬ፣ ሰማህ? በሰው አገር ስትዳር ከረምህ!” እንባዋን በሽርጧ ጠረገች። ጠርጋ ስታበቃ ፊቷ ላይ የሳቅ ጭላንጭል አልነበረም።

“ታስተካክይዋለሽ” አለች።

“አርባ ዓመት አልፎታል እኮ። ሰዉ ሁሉ በቃሉ…”

“እኔ ዛሬ ለአንዲት አውራ ጣት ምን ያህል አፈር እንደነፋሁ አይተሻል። እናቴ የተናገረችው ስድስት ሰባት ስንኝ ነው። ከዚያ ላይ ነው የሰረቅሽው። ታስተካክይዋለሽ፣ ካልሆነ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ!”

ጉንቮር ቤቷ ስትመለስ ሻንጣዋን ሳትፈታ ግጥሟን እንደገና ጻፈች። ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። በማግስቱ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄደች።

ማግኑስ የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ነው፤ አርባ ሁለት ዓመቱ፣ ጥሩ ልጅ፣ ሁሌም ሰው የሚያባብል ድምፅ አለው። የመጽሐፉን አርባኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ አዲስ እትም እያዘጋጀ ነበር። ለሙሽሮች ስጦታ እንዲሆን ነጭ ሽፋን፣ የወርቅ ፊደል። ምረቃው በከተማው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ። አዲሱን ግጥም አንብቦ ወረቀቱን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

“የሬሳ ግጥም ነው” አለ።

“አዎ።”

“ጉንቮር፣ የኔ ውድ፣ የሠርግ መጽሐፍ ውስጥ ሬሳ ልክተት?”

“ድሮም እዚያው ነበር። የሙሽራ ልብስ ያለበስኩት እኔ ነኝ።”

“እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። ግጥሟ እንዳለች ትውጣ። መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ማስታወሻ እንጨምርልሻለን። በትንሽ ፊደል።”

“በትንሽ ፊደል ይቅርታ የሚጠይቅ ሌባ አይተህ ታውቃለህ?”

ማግኑስ ወንበሩን አስጠጋ። “ልንገርሽ? ሰዉ የወደደው የእሱን ግጥም አይደለም፣ የአንቺን ነው። አንቺ ነሽ የጻፍሻት። ለምን አትቀበዪውም? ገጣሚ ነሽ እኮ!”

ይኼ ነው እንግዲህ የክፉ ቀን ማር። አርባ ዓመት በሌላ ሰው ስም ጀርባ ለተቀመጠች ሴት ገጣሚ ነሽ መባል ትንሽ ነገር አይደለም። ጉንቮር ማሩ ምላሷ ላይ ሲደርስ ጣፈጣት፤ ይኼን አልደብቃችሁም። ከዚያ ጥፍሯ ስር ገና ያልጸዳውን አፈር አየች።

“ገጣሚ ብሆን ኖሮ በራሴ ስም እዋሽ ነበር” አለችው። “የድሮዋ ያለ እኔ ፊርማ አትታተምም። ፊርማዬን ደግሞ ሞቼም አታገኛትም።”

“እንግዲያው መጽሐፉ አይወጣም።”

“አይውጣ!”

“ምረቃውስ? ካርድ ተበትኗል። መቶ ሰው ይመጣል።”

“እመጣለሁ። አነባለሁ” አለችና ወጣች። ማግኑስ የትኛዋን እንደምታነብ አልጠየቃትም። ሰው መስማት የሚፈልገውን ይሰማል፤ እሱም ልቧ የተመለሰ መሰለው።

ማግኑስን መጋፈጥ ቀላሉ ነው። ከባዱ ኢንገር ናት።

ኢንገር የጉንቮር ታናሽ እህት ናት፤ ሌላ ዘመድ የላትም። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት ኢንገርና ኦሌ ሲጋቡ ግጥሟን ያነበበችላቸው ጉንቮር ራሷ ነበረች። ኦሌ መርከብ ላይ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር ኢንገር በሩን ከፍታ “ሦስት ዓመት ጠበቅሁህ” ትለዋለች፤ ሦስት ሳምንት ቢሆንም። ከሁለት ዓመት በፊት ኦሌ ሞተ። እሑድ እሑድ እህትማማቾቹ የቀረፋ ዳቦ ይዘው ይገናኛሉ፤ በዚያ እሑድም ጉንቮር ሁሉንም ነገረቻት። ኢንገር የያዘችውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

“ስለዚህ እኔ ሠርጌ ላይ የአጥንት እጥበት ነው የተነበበልኝ” አለች።

“እኔ አላወቅሁም ነበር፣ ኢንጌ።”

“አሁን አውቀሻል። አሁን አውቀሽ ደግሞ ለሁሉም ልትነግሪ ነው።”

“ውሸት ነዋ!”

“ለማን ነው ውሸት?” ኢንገር ተነሳች። “አንቺ ለሞቱ ግሪኮች ትጨነቂያለሽ። እኔ ከኦሌ ምን ቀረኝ? ንገሪኝ! ማስቸገር አልፈልግም ብሎ፣ የመቃብር ድንጋይ አልፈልግም ብሎ፣ አመዱን በጋራው የመታሰቢያ ሣር ስር አደረጉት። እኔ ቆሜ እንኳ አላየሁም፤ ቤተሰብ አይገኝም አሉኝ፤ ቅጹ ላይ ፈርሚ አሉኝ፤ ፈረምኩ። አበባ ይዤ ስሄድ የት እንደማስቀምጥ አላውቅም። አንድ ቀን ከወዲህ፣ አንድ ቀን ከወዲያ። ሣር፣ ጉንቮር! የእግር ኳስ ሜዳ የሚያህል ሣር! ያለኝ ያቺ ግጥም ናት። ‘እንኳን ደህና መጣህ’ ስል ድምፁ ይመጣልኛል። አሁን እሷንም ውሰጂያት!”

“ኢንጌ…”

“ብታነቢያት አላውቅሽም። እህት የለኝም እላለሁ።”

ኢንገር ኮቷን ሳትቆልፍ ወጣች። ጉንቮር ጠረጴዛው ላይ ግንባሯን ደፍታ አለቀሰች። እስቲ ማን ይፈርዳል? አንዲት የሞተች ገበሬ እናት በአንድ በኩል፣ ያለችው አንድ እህት በሌላ በኩል። ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ እህቷ ስልክ አላነሳችም። ጉንቮር ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ የድሮዋን ልታነብ ወሰነች፣ ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ መልሳ ተወችው። የሌሞንያ እናት እጅ ግንዱ የጨፈለቀውን ልጇን አጥንት ሲቆጥር ይታያታል፤ ይኼን አይታ እንዳላየች መሆን አልቻለችም። ወደ ኋላ የሚመልስ መንገድ ቢኖር ኖሮ በሩጫ ትሄድበት ነበር።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጥንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀምጠዋል፤ የተጠለፈ ፎጣ ለማስፈረም ያመጡም ነበሩ። ማግኑስ መግቢያ ንግግር አደረገ፤ ሰውን አሳቀ፤ “አሁን ደግሞ ሁላችሁም የምትጠብቋት” ብሎ ማይኩን ሰጣት። ጉንቮር ቀና ስትል በመጨረሻው ረድፍ ኢንገርን አየቻት። ኮቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ ለመውጣት እንደተዘጋጀ ሰው ተቀምጣለች። ጉንቮር ማይኩን አስጠጋች።

“የምታውቋት ግጥም ውሸት ናት” አለች።

አዳራሹ እንደ መሳቅ አለ። ቀልድ መስሏቸው ነው። ጉንቮር ጠበቀች። ሳቁ ሲሞት ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የጨመረችውን በር፣ የዘለለቻትን ስንኝ፣ ለስቴርዮስ የዋሸችውን፣ ሳፋውን፣ ወይኑን፣ አውራ ጣቱን። ፎጣ የያዘች አንዲት ሴት ፎጣዋን ቀስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ከመሀል አንድ ወፍራም ሰውዬ ፊቱ ቀልቶ ተነሳ። “ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩበት ሠርጌ ውሸት ነው ልትዪኝ ነው?”

“ሠርግህ እውነት ነው። ግጥሙ ነው ውሸት።”

“ታዲያ ምናለ ዝም ብትዪ? ማን ጠየቀሽ?”

“የሞተ ሰው ጠይቆኝ ነበር፤ ዋሸሁት። ዛሬ እመልስለታለሁ” አለች።

ማግኑስ በፈገግታ ወደ ማይኩ ተጠጋ። “ምናልባት ይህንን ለጥያቄ ሰዓት…”

“እጅህን!” አለችው። እጁን ሰበሰበ።

ወረቀት አልያዘችም። ወጥ ቤቷ ውስጥ እንደምታደርገው ጮክ ብላ፣ ቆማ አለችው፦

“ሦስት ዓመት ጠበቅሁህ።
ዛሬ ከፈቱልኝ፣
እንኳን ደህና መጣህ አልሁህ።
ቆጠሩልኝ፤ ምንም አልጎደለህም።
በወይን አጠብሁህ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁህ፣
በሽርጤ ታቅፌህ ወጣሁ፤
እንዴት ቀለልህ!”

ማንም አላጨበጨበም። ወፍራሙ ሰውዬ ሚስቱን ይዞ ወጣ። ሌሎችም ተከተሉት፤ ወንበር ይንኳኳል፣ ኮት ይለበሳል። “አሳፋሪ ነው” የሚል ድምፅ ተሰማ። ማግኑስ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቅሏል። ጉንቮር መቆሚያውን በሁለት እጇ ይዛ የኋላውን ረድፍ ታያለች፤ ኢንገርም ተነስታለች። ሄደች በቃ፣ አለች በልቧ። ሄደች እህቴ።

“አንዴ ቁጭ በሉማ!” አለች ኢንገር። ያን የመሰለ ድምፅ ከእሷ ሲወጣ ጉንቮር እንኳ ሰምታ አታውቅም። የሚወጡት ሰዎች በር ላይ ቆሙ። “አራተኛዋን ድገሚያት፣ ጉንቮር። ያቺን የዘለልሻትን።”

“ቆጠሩልኝ፤ ምንም አልጎደለህም።”

“እንደገና።”

“ቆጠሩልኝ፤ ምንም…” ጉንቮር መጨረስ አቃታት።

“ለእኔ ግን ማንም አልቆጠረልኝም” አለች ኢንገር፤ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ እህቷን ቀጥ ብላ አየቻት። “ይቅር አላልኩሽም። ሠርጌን ወስደሽብኛል፤ እስክሞት አልረሳውም። አሁን ግን ኮትሽን ልበሺ።”

“የት ልንሄድ ነው?”

“መቃብር ቢሮው ሳይዘጋ።”

ማግኑስ ተከትሏት እስከ በሩ መጣ። “ጉንቮር፣ ይኼን መጽሐፍ እኮ አላትመውም!”

“የድሮውንም አታትመውም” አለችና ኮቷን አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቃ ወጣች።

የመቃብር አስተዳደሩ ቢሮ ውስጥ አንድ መነጽር ያደረገ ትሑት ወጣት ነበር። ኢንገር የኦሌን ስምና የሞተበትን ቀን ነገረችው፤ የት እንዳለ እንዲያሳያት ጠየቀችው።

“የመታሰቢያ ሣሩ የጋራ ነው” አለ ወጣቱ። “ትክክለኛው ቦታ ለቤተሰብ አይነገርም። ፈርመዋል እኮ።”

“መዝገብ አለ ወይ? የት እንዳደረጋችሁት የተጻፈበት?”

ወጣቱ አመነታ። “መዝገብማ አለ። ግን ደንቡ…”

“አለ!” ኢንገር ወደ ጉንቮር ዞረች። “ሰማሽው? ሁለት ዓመት ሙሉ ተጽፎ እዚያ ተቀምጧል፤ እኔ ሣር ለሣር እዞራለሁ!”

“በጣም አዝናለሁ። ልረዳዎት ብችል ደስ ይለኝ ነበር። ቢሮው ሊዘጋ ነው።”

ኢንገር ግድግዳው ጥግ ያለውን ወንበር እየጎተተች አምጥታ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት አስቀመጠችው፤ እግሩ ወለሉ ላይ ሲጮህ ወጣቱ ተሳቀቀ። ተቀመጠችበት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። ጉንቮርም ሁለተኛውን ወንበር ጎትታ አጠገቧ ተቀመጠች።

“ዝጋው” አለችው ኢንገር። “መብራቱንም አጥፋው ከፈለግህ። እኔ ባሌን የት እንዳደረጋችሁት ሳትነግረኝ ከዚህ ወንበር አልነሳም።”

ወጣቱ አንዴ ኢንገርን፣ አንዴ ጉንቮርን አየ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረገውና ወደ መዝገቡ መደርደሪያ ዞረ።